የቦይለሩ ብርቱካኖች

ሰኞ፣ ጁን 26፣ 2006

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የትምህርት ቤታችን አማካሪ ሚስ ዋንጂኩ ናት። «የሚሰማህን ጻፍ፣ በየሳምንቱ ዓርብ አሳየኝ» አለችኝ። በአማርኛ የምጽፈው ለዚህ ነው፤ እሷ አታነበውም። ገጹ መሙላቱን አይታ ደስ ይላታል፣ እኔም ወደ ሒሳብ ክፍለ ጊዜዬ እመለሳለሁ።

የሚሰማኝ፦ ሳሎናችን ውስጥ ሠላሳ ስድስት የፕላስቲክ ወንበር አለ።

ወንበሮቹ የመጡት እህቴ ሐሊና ስለሞተች ነው። ቅዳሜ ጁን 17 ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ የተሳፈረችበት ማታቱ፣ ሚኒባስ ታክሲው፣ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። እኔ ዮአብ ነኝ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ የሁለተኛ ደረጃ ሦስተኛ ዓመት፣ ፎርም ሥሪ። ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ነው የምንኖረው። እማዬ ቤት ናት። አባዬ ዌስትላንድስ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ፣ የድህረ ምርት ብክነት ቅነሳ ፕሮግራም ኃላፊ ነው። ይህም ማለት ፍራፍሬ ከተለቀመ በኋላ እንዳይበላሽ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ያካሂዳል። አራት ዓመት ሆነው። በስብሰባው ጠረጴዛ መካከል ሁልጊዜ የፍራፍሬ ቅርጫት አለ፤ ማንም አይነካውም፤ በሦስተኛው ቀን ይደፋል። ይህን ያስተዋለችው ሐሊና ናት። አባዬ አልሳቀም ነበር።

ዛሬ አራት ሰዎች «ጎበዝ» አሉኝ። አራቴም ከሳሎን ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጁን 27

የሐሊና የመመረቂያ ሥራ አርባ ብርቱካን ነው። ከማኩዌኒ ገጠር የመጡ፣ ልጣጫቸው አረንጓዴ የሆነ። በጥቁር ማርከር ከ1 እስከ 40 ቁጥር ጻፈችባቸው፤ ሰባትን ወገቧ ላይ በሰረዝ እየቆረጠች። ከቁጥሩ አጠገብ እያንዳንዳቸውን አራት ቦታ በመርፌ ወጋቻቸው። ከመሞቷ በፊት በነበረው ሐሙስ ማታ ብርቱካኖቹን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። «አጥብቀህ ያዝ፣ ታማሚው እየተንቀሳቀሰ ነው» ትለኝ ነበር።

ደብተሯ በእንግሊዝኛ ነው፤ እንዲህ ይላል፦ የተለቀመ ፍሬ አልሞተም። ይተነፍሳል፣ ሲቆስልም ያውቃል። ሦስት ቀን ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በቁስሉ ዙሪያ እንደ እንጨት የጠነከረ ግድግዳ ይሠራል፤ ሻጋታው ዘግይቶ ቢመጣ በሩን ዝግ ያገኘዋል። ብርድ ላይ ከቆየ ግን ቁስሉ ክፍት እንደሆነ ይቀራል።

ስለዚህ ከ1 እስከ 20 ያሉትን በእርጥብ ፎጣ ሸፍና ኮሪደሩ መጨረሻ ያለው የቦይለር ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ከ21 እስከ 40 ያሉትን ጋራዥ ውስጥ። የናይሮቢ ጁን ደግሞ ከፍሪጅ ብዙ አይለይም። ቅዳሜ የሄደችው የሻጋታውን ዘር ከላቦራቶሪ ለማምጣት ነበር።

ቦርሳዋ ከፖሊስ ጣቢያ የመጣው በአምስተኛው ቀን ነው። ደብተሯ ውስጡ አለ፤ ዘሩ ያለባት ትንሿ ጠርሙስም አልተሰበረችም። ደብተሯ ላይ እንደተጻፈው በማግስቱ አርባዎቹንም ዘሩን በብሩሽ ቀባኋቸው፣ ሁለቱንም ካርቶን ክፍሏ አስገባሁ። ሠላሳ ቀን መታየት አለባቸው። የመመረቂያ ሥራዋን የሚከታተለው ዶክተር ሙቲንዳ ቀብሩ ላይ ለአባዬ «ውጤቱ ከተሟላ በዲሴምበር ምረቃ ስሟ እንዲጠራ ለትምህርት ክፍሉ አቀርባለሁ» ብሎታል። እንግዲህ የሚያሟላው እኔ ነኝ። እያዘንኩ አይደለም። እየተመለከትኩ ነው።

በእጅ ጽሑፏ የመጨረሻው መስመር ይህ ነው፦ «ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት። ቦይለር 33 ዲግሪ። ዮአብ አነበበልኝ።»

ከማታቱ ውስጥ ደውላ ነው። ስልኩ ያለው ሳሎን ነው፣ ሶፋው አጠገብ። ቴርሞሜትሩ ያለው ኮሪደሩ መጨረሻ ነው። የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ገና መጀመሩ ነበር።

ሐሙስ፣ ጁን 29

የጋራዦቹ፦ 12ቱ በሽታ ያዛቸው። መጀመሪያ ውኃ የቋጠረ ለስላሳ ክብ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ቀጥሎ የወይራ ቀለም ያለው ዱቄት።
የቦይለሮቹ፦ 20ውም ደህና።
የሒሳብ ፈተና አለብኝ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 1

ለቅሶ ደራሽ ምን እንደሚያወራ ሳጠና ዋልኩ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ዝምታ ነው። ከዚያ አንድ ሰው «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ይላል። ሌላው «ምንም አይደረግ» ይላል። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ የሥራ ፈቃድ ማደስ ስንት ወር እንደሚፈጅ ይነሳል። በሃያኛው አንድ ሰው ይስቃል፣ እማዬን ያያል፣ ወደ ሳል ይለውጠዋል።

የሰኔ ጾም ስለሆነ ሁሉም ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ከኢስትሊ ሰፈር የሚመጡት ሐበሾች አረንጓዴውን የአገሩን ያመጣሉ። የአባዬ የቢሮ ሰዎች ሱፐርማርኬት ይገቡና የደቡብ አፍሪካውን፣ እያንዳንዱ ላይ ተለጣፊ ወረቀት ያለበትን ያመጣሉ። ኩሽናው ሞላ፣ ዕቃ ቤቱ ሞላ፣ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ሳይቀር አንድ ዘንቢል አለ።

ከአዲስ አበባ የመጣችው የእማዬ እህት እቴቴ ሠናይት በቀን ሁለት ጊዜ በሙቅ ውኃ ትታጠባለች። ሌሎቹ ዘመዶችም ተራ ይዘው ይጠብቃሉ። እማዬ ድሮ አንድ ሰው ታጥቦ እንደወጣ ቦይለሩን ታጠፋ ነበር። ሐዘን ላይ ሆኖ እንግዳን «ጨርሳችኋል ወይ» ማለት አይቻልም። ቀይ መብራቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጠፋም።

እቴቴ ሠናይት ዛሬ ፀጉሬን እያሻሸች «ይኸ ልጅ አላለቀሰም፣ ጎበዝ ነው» አለች። ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 4

የጋራዦቹ ሃያውም አለቁ። ቁጥር 33ን መጨረሻ ላይ ጣልኩት። እኔ አልመረጥኩትም፣ መጨረሻ የበሰበሰው እሱ ነው።

የቦይለሮቹ ሃያ ከሃያ። አንድም አልተነካም። ሐሊና በደብተሯ የጠበቀችው አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት እንዲተርፍ ነው። ከገመተችው በላይ ሆነ። ልደውልላት ስልኩን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ዓርብ፣ ጁላይ 7

ቸኩያለሁ። ሦስት ነገር።
ቁጥር 17፣ የሰባቷ ሰረዝ የለም። ታሽቶ ጠፍቶ ይሆናል።
ቁጥር 12 ቢጫ ሆኗል። ፍሬ ሲቆይ አረንጓዴው ይለቃል ተብሎ ተጽፏል። ልክ ነው።
ቁጥር 9 ወፍሯል። በክር ለካሁት። የተለቀመ ፍሬ አያድግም ይላል ደብተሩ። ቀድሞ የለካሁት እኔ ተሳስቼ ነው። እኔ ስለካ እሳሳታለሁ።

እሑድ፣ ጁላይ 9

የዋንጫው ፍጻሜ ነው። ከሠላሳ ስድስቱ ወንበር ሃያ ሁለቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረዋል፣ ድምፁ ግን ተዘግቷል፤ ለሐዘናችን ክብር ሲባል። እኔ ትቼው ወጣሁ። ክፍሏ ገብቼ ብርቱካን ቆጠርኩ።

የአባዬ የሥራ ባልደረባ ጋሼ አድነው መጸዳጃ ቤት ሲፈልጉ በሩን ከፈቱት።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ቁጥር?»

ነገርኳቸው። ሃያ ከሃያ ስላቸው የመጡበትን ረሱት።

«መቶ በመቶ? በቦይለር? ያለ ኬሚካል?» አሉና ኮሪደሩ ላይ ቆመው ተጣሩ፦ «ገብሬ! ገብረመድህን! ና እስኪ ልጅህ ያለውን ስማ።»

አባዬ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ አልገባም። ከቀብሩ በኋላ እዚህ ክፍል ገብቶ አያውቅም። ጋሼ አድነው ደገሙለት።

«ሃያ ከሃያ» አለ አባዬ ቀስ ብሎ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ያለ ፊት አላየሁበትም።

«ጁላይ ሃያ ስምንት ወርክሾፑ አለን አይደል?» አሉ ጋሼ አድነው። «በስሟ እናቅርበው። ሐሊና ሞዴል እንበለው። ዶነሮቹም እዚያው ናቸው። ነፍሷንም ደስ ይላታል።»

አባዬ ሳሎን ተመልሶ ላፕቶፑን አወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። ፈረንሳዩ ተጫዋች በግንባሩ ደረት ሲመታ ሳሎን ያለው ሰው ሁሉ ጮኸ፤ ሁለቱ ብቻ ቀና አላሉም። ርዕሱን በየትኛው ቀለም እንደሚያደርጉት እየተከራከሩ ነበር።

ሐሙስ፣ ጁላይ 13

ጾሙ ትናንት ተፈታ፣ ብርቱካኑ ግን መምጣቱን አላቆመም።

እማዬ አትክልት መኮትኮት ጀምራለች። አዛውንቱ የበራችን ዘበኛ ምዜ ካሪዩኪ ነው የነገረኝ። «እናትህ ጎህ ሳይቀድ ከቦገንቪሊያው ሥር ትቆፍራለች» አለኝ በስዋሂሊ። «ላግዝሽ ስላት ተወኝ ትላለች። ምን ተክላ እንደሆነ እንጃ፣ የበቀለ የለም።»

ለእቴቴ ሠናይት ነገርኳት። «ጥሩ ምልክት ነው፣ እጇ ሥራ ያዘ ማለት ነው» አለች።

የሐሊና ክፍል ኮምጣጣ ሽታ አለው። ሃያ ጤነኛ ብርቱካን ለምን እንደሚሸት ደብተሩ ውስጥ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም።

እሑድ፣ ጁላይ 16

ቁጥር 14 ላይ ግማሹ የተላጠ ሰማያዊ ተለጣፊ ወረቀት አገኘሁ። የደቡብ አፍሪካ ይላል።

ከእንግዶች ብርቱካን ላይ ተላቆ መጥቶ ተለጥፎበት ይሆናል። በነፋስ።

በነፋስ ብዬ ጻፍኩ። አልሰርዘውም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 18

አባዬ ስላይዶቹን አሳየኝ። አሥራ አራት ናቸው። የመጀመሪያው ላይ ፎቶዋ አለ፣ ኪሱሙ ሐይቁ ዳር የተነሳችው። ስድስተኛው ላይ ከደብተሯ የተነሳ ገጽ አለ፤ የመጨረሻው መስመር ላይ ቀይ ክብ ተደርጎበታል። 33 ዲግሪ።

«ወሳኙ ሙቀት» ይላል ከሥሩ።

«አባዬ፣ ይሄ ቁጥር…»

«ምነው? ስፔሊንጉ ነው?»

«አይ። ቁጥሩ የግድ መኖር አለበት?»

«ዮአብ፣ ያለ ቁጥር ማን ይሰማል?» አለና ትከሻዬን ያዘኝ። «ያነበብክላት አንተ ነህ። ስምህ እዚያ አለ። አንድ ቀን ይገባሃል፣ ትልቅ ነገር ነው የሠራኸው። ጎበዝ።»

የአባዬን ስላይድ ጥዬ የምወጣበት ሰበብ አልነበረኝም። ተቀመጥኩ።

የሐሊናን ሙሉ ቃል እዚህ ልጻፈው፤ ሚስ ዋንጂኩ አማርኛ አታውቅም። «ዮአቤ፣ እስኪ ሮጥ በልና ቴርሞሜትሩን እይልኝ» አለች። ማታቱው ውስጥ ሙዚቃው ይጮኻል። ሁለቱም እግሮቼ ሶፋው ላይ ናቸው። እስከ ሃያ ቆጠርኩ፣ ሄጄ የምመለስበትን ያህል። «ሠላሳ ሦስት» አልኳት። ዝም አለች፣ ስትጽፍ ነው። ከዚያ «ጎበዝ» አለችኝ።

የመጨረሻ ቃሏ ነው።

ዓርብ፣ ጁላይ 21

ትምህርት ቤት ውኃ ስለጠፋ በስድስት ሰዓት ለቀቁን።

ቤት ማንም የለም መሰለኝ። የሐሊና በር ገርበብ ብሏል። እማዬ ወለሉ ላይ፣ አልጋዋን ተደግፋ ተቀምጣለች። ከፊቷ የለቅሶው ብርቱካን ያለበት ፌስታል። በእጇ ማርከር። ጉልበቷ ላይ የተዘረጋው ጋዜጣ ዳር ዳሩ በቁጥር ተሞልቷል፦ 4፣ 4፣ 4፣ 9፣ 9፣ 17፣ 17፣ 17። ስትለማመድ ነበር። ሰባቶቹ ሰረዝ የላቸውም።

«ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?» አለች።

«ውኃ ጠፋ።»

እጇ ላይ ያለውን ብርቱካን አየችው። 6 ተጽፎበታል፣ ቀለሙ አልደረቀም። አጠገቧ በናፕኪን የተጠቀለለ ሌላ ነገር አለ፤ አረንጓዴ ዱቄት ይበንበታል።

እጽፋለሁ፣ ግን ነገ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 22

ትናንት ወለሉ ላይ እስከ አመሻሹ ተቀመጥን።

የመጀመሪያው ቁጥር 4 ነበር። ጁን 30 ጠዋት ገብታ አየችው፤ ሻጋታው የሐሊናን ጽሑፍ ግማሹን ሸፍኖታል። «አንተ ስትመጣ ታየዋለህ ብዬ ደነገጥኩ» አለችኝ። «ቀን ቀን እነዚህን ስትቆጥር ነው እህል የምትቀምሰው። ሃያ ነው ስትል ትበላለህ።»

እኔ ይህን አላወቅኩም ነበር።

ስለዚህ ከኩሽና አንድ ብርቱካን አምጥታ 4 ብላ ጻፈችበት። ከዚያ 9 ሆነ፣ ከዚያ 17። የበሰበሰውን ቦገንቪሊያው ሥር ቀበረችው።

«ለምን ቆሻሻ ውስጥ አልጣልሽውም?»

«ስትጽፍባቸው አይቻታለሁ እኮ» አለች።

«መርፌውስ?» አልኩ። «አራት ቀዳዳ ነበረባቸው።»

«መርፌ አምጥቼ ነበር። መውጋቱን አልቻልኩም።»

ከዚያ ብርቱካኖቹን እንለይ አልን። ቀዳዳ የሌለውን ወደ ፌስታሉ፣ ያለውን አልጋው ላይ። አንድ በአንድ በመስኮቱ ብርሃን እያገላበጥን። ቁጥር 2 ቀዳዳ አለው። 3 የለውም። 5 አለው። ስንጨርስ አልጋው ላይ ሰባት ብርቱካን ነበር። ተጨማደዋል፣ ኮስሰዋል፣ ግን ጤነኞች ናቸው። መርፌው የገባበት ቦታ ቡናማ፣ ደረቅ፣ በጥፍር ሲነካ ጠጣር ነው።

«ሰባቱ የራሷ ናቸው» አለች እማዬ። ቀጥላ፦ «እኔ ባላጠፋው ከዚህም በላይ ይተርፉ ነበር እያልኩ እጨነቃለሁ። የዚያን ቅዳሜ ቦይለሩን አጠፋሁት። ከምሳ በፊት። ሁልጊዜ እንደማደርገው ታጥቤ ወጣሁና አጠፋሁ፤ ብርቱካኖቹ ትዝ አላሉኝም። ማታ ሰው ሲመጣ ነው የበራው።» ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ የመጨረሻውን መስመር በጣቷ ነካችው። «ግን እግዜር ይስጥህ አንተ ሠላሳ ሦስት አልካት። ሙቀቱ እስከ አሥር ሰዓት አልወረደም፣ አላበላሸሁባትም ማለት ነው ብዬ… ይህን ቁጥር እያየሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ማንም አያውቅም። እማዬ ትተኛለች፣ አባዬ ቀይ ክቡን ያሳያል፣ ዲሴምበር ላይ ስሟ ይጠራል። ሁሉም ነገር በአንድ ሶፋ ላይ ተዘጋጅቶ ቀርቦልኛል። እንደገና እስከ ሃያ ቆጠርኩ።

«አልተነሳሁም» አልኳት።

«ከየት?»

«ከሶፋው። ቴርሞሜትሩን አላየሁትም። ከራሴ ፈጥሬ ነው የነገርኳት።»

ጋዜጣውን አራት ቦታ አጠፈችው። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ተመኝቼም ነበር።

«ብታየው ኖሮ» አለች በመጨረሻ፣ «ሃያ ምናምን ነው ትላት ነበር። ያኔ እማዬን አገናኘኝ ብላ ስልክ ላይ ትጮህብኝ ነበር። ‹እማዬ ደግሞ ከዚህ ቦይለርሽ ጋር!›» የሐሊናን ድምፅ አስመስላ ነው ያለችው፤ ልክ እንደሷ አድርጋ። እኔ ሳቅኩ። ከዚያ መሳቁን ማቆም አቃተኝ፣ ከዚያ ሳቅ አልነበረም። እማዬ ራሴን ደረቷ ላይ አደረገችው። ፀጉሬ ውስጥ ማርከር አለ፣ እስካሁን አልለቀቀም።

እሑድ፣ ጁላይ 23

ለአባዬ ነገርነው። እማዬ ስለ ብርቱካኑ፣ እኔ ስለ ቁጥሩ።

መጀመሪያ ያለው፦ «ስለዚህ ስላይድ ስድስት…» ከዚያ «ስላይድ ዘጠኝም።» ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«ትክክለኛው ስንት ነበር?»

«አላውቅም። ጨዋታ ነበር።»

እቴቴ ሠናይት ከኩሽና ብቅ ብላ፣ ፊታችንን አይታ ተመለሰች። አባዬ ላፕቶፑን ከደነው። ረጅም ንግግር ጠብቄ ነበር፤ ስለ ኃላፊነት ያለውን አውቀዋለሁ፣ በሦስት ነጥብ ነው።

«ድምፅዋ እንዴት ነበር?» አለኝ።

«ምን?»

«ስትደውል። አንተ ነህ መጨረሻ የሰማሃት። አምስት ሳምንት ልጠይቅህ ፈልጌ…»

ሁሉንም ነገርኩት። የማታቱውን ሙዚቃ፣ ዮአቤ ማለቷን፣ ስትጽፍ ዝም ማለቷን፣ ጎበዝ ማለቷን። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ደስ ብሏት ነበር ወይ አለኝ። ብሏት ነበር፤ ያን መዋሸት አላስፈለገኝም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 26

አርባዋ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቤቱ በሰው ሞላ። እቴቴ ሠናይት ቀኑ ከገብርኤል ጋር መግጠሙን ለገባው ሁሉ ስትነግር ዋለች።

ዶክተር ሙቲንዳ መጣ። ቀዩን ወጥ በልቶ አላበው፣ ሦስት ብርጭቆ ውኃ ጠጣ፣ ከዚያ ወደ ክፍሏ ወሰድነው። አባዬም ገባ። ገብቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

አንዱን ሳልተው ነገርኩት። ሲሰማ ፊቱ አልተለወጠም። ቁጥር 5ን አንስቶ ጠባሳውን በጥፍሩ ፋቀው።

«ይህ ውጤት አይደለም» አለ። «ይህ ግን የዳነ ቁስል ነው። ቅዳሜ ከቀትር እስከ ማታ ከቀዘቀዘ፣ ከዚያ በኋላ ያዳነው ሙቀት ከየት መጣ?»

እማዬ ናት ቀድማ የገባት። «እንግዶቹ» አለች። «ቦይለሩ ከዚያ ማታ ወዲህ አልጠፋም።»

እቴቴ ሠናይት በሩ ላይ ሆና ወሬው ሲተረጎምላት ነበር። «እኔን ነው የምታሙኝ?» አለች። «ሁለት ጊዜ ታጠብኩ እንጂ ምን አደረግኩ?»

ዶክተር ሙቲንዳ ደብተሩን አስቀርቶልን ሄደ። ሥራው መደገም አለበት፣ አዲስ ጠርሙስ እልካለሁ፣ ጥያቄውም ዘዴውም የሷ ስለሆነ ከላዩ ላይ የሚጻፈው ስም አይቀየርም አለ። ዲሴምበር ይደርሳል ወይ አልኩት። «ካልተዋሻችሁ ይደርሳል» አለኝ።

ዓርብ፣ ጁላይ 28

ወርክሾፑ። አባዬ ከትምህርት ቤት አስፈቅዶ ወሰደኝ። ስልሳ ሰው፣ ስልሳ የማዕድን ውኃ፣ ስልሳ እስክሪብቶ። የፍራፍሬ ቅርጫቱ ቦታው ላይ ነው። ጋሼ አድነው በየደቂቃው ከረባታቸውን ያስተካክላሉ። ስላይዶቹ እንደተቀየሩ ያወቁት ሲቀርቡ ነው።

አሥራ አራቱ ሦስት ሆነዋል። አንዱ ፎቶዋ። አንዱ «ሰባት ከሃያ። የቅዳሜው ሙቀት አይታወቅም።» ሦስተኛው አባዬ በየስብሰባው የማይቀርለት ርዕስ ነው፣ «ያጋጠሙ ተግዳሮቶች»። ሁልጊዜ ስምንት ነጥብ ይኖረዋል። ዛሬ አንድ ነበር። አነበበው፦

«ቤተሰቡ የበሰበሰውን መጣል አልቻለም።»

ከፊት የተቀመጠችው ፈረንጅ ሴትዮ እስክሪብቷን አስቀመጠች። ከኋላ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ምክረ ሐሳቡ ምንድን ነው አለ።

«የለኝም» አለ አባዬ።

ከዚያ ከመድረኩ ወርዶ ከቅርጫቱ አንድ ብርቱካን አነሳ፣ ወንበሬ አጠገብ ተቀመጠ፣ መላጥ ጀመረ። ልጣጩን በማስታወሻ ወረቀቱ ላይ ደረደረው። ግማሹን ሰጠኝ። በላን። ጋሼ አድነው ጎንበስ ብለው «ገብሬ፣ ዶነሮቹ እያዩ ነው» አሉት።

«ይምጡና ይውሰዱ፣ ብዙ ነው» አላቸው።

ሐሙስ፣ ኦገስት 3

ወንበሮቹ ተመለሱ። እቴቴ ሠናይት ትናንት በረረች፤ ከመሄዷ በፊት ለብርቱካኖቹ ብላ አንድ ተጨማሪ ጊዜ ታጠበች።

አባዬ ራሱ ገበያ ሄዶ አርባ ብርቱካን ገዛ። ስምንቱ ሎሚ ሆነው ተገኙ። ምዜ ካሪዩኪ ሄዶ ለወጠ።

ዛሬ ማታ ቁጥሩን እኔ ጻፍኩ። ሰባቶቹን በሰረዝ ቆረጥኳቸው። እማዬ ትይዛለች፣ እኔ እወጋለሁ ብለን ነበር፤ ቁጥር 3 ላይ መርፌውን ተቀበለችኝና «አጥብቀህ ያዝ» አለች። እንዳይጠፋ የቦይለሩ ማብሪያ ላይ ፕላስተር ለጥፋለች።

ሚስ ዋንጂኩ ደብተሩን ነገ ካየች በኋላ በቂ ነው ትለኛለች መሰለኝ። የቀረውን በሐሊና ደብተር ላይ እጽፋለሁ። 33 ካለበት መስመር ሥር ጽፌያለሁ፦ «ይህን ቁጥር ፈጥሬ ነው የነገርኳት። ዮአብ።» የሷን አልሰረዝኩትም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 5

ከቀኑ 10 ሰዓት። ቦይለር 31 ዲግሪ። ተነስቼ አየሁ።